በጋሼ አይሱዙ ላይ ካን ስዘረጋ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደሴ

ባለፈው ክረምት የጋሼ ኤንፒአር አይሱዙ ሀረጎ ዳገት ላይ ቆመች። ከኮምቦልቻ ብረት ጭነው ወደ ደሴ እየወጡ ነበር። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መሃል ላይ ነበረች። ለነገሩ ሁልጊዜም መሃል ላይ ናት፤ መኪናዋ ቆማ ስታድር እንኳን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አትልም። ጋሼ መርፌዋን አመኑ። ከጋቢናው ሥር እንፋሎት ሲወጣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ተቃጥሎ አልቋል። ለጥገናው ያወጡትን ብር ዛሬም ሲያነሱት ፊታቸው ይጠቁራል።

እኔ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሞባይል፣ ቴሌቪዥን፣ አልፎ አልፎ ኢንቨርተር። መኪና ላይ ብዙም እጄን አላስገባም። ግን ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይችን ውሸታም መርፌ የሚተካ ነገር የለህም?» ሲሉኝ እምቢ አይባልም።

ማታ ማታ ደብተር ላይ የጫርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። የተሳሳትኩትንም አልሰረዝኩም።

ቅዳሜ

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። ሞተሩ ላይ ሴንሰር፣ ጋቢና ውስጥ ስክሪን፣ መሃላቸው ሽቦ። ግን ጋሼ «የዘይቱም ይታይ» አሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሴንሰር የራሱን ሽቦ ከጎተትኩ ጋቢናው የሸረሪት ድር ሊሆን ነው። በዚያ ላይ የሴንሰር ሲግናል ደካማ ነው። በዲናሞና በስታርተር አጠገብ ሲያልፍ ይረበሻል።

ስለዚህ ካን ባስ። ባስ ስላልኩ አውቶቡስ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም የሚያወራበት የጋራ መስመር ማለት ነው። ቦሽ በፈረንጆች 1983 ሥራውን ጀምሮ በ1986 ይፋ ያደረገው ዘዴ ነው። አሁን አዲስ መኪና ውስጥ ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ዳሽቦርዱም በእሱ ነው የሚነጋገሩት። የጋሼ መኪና ግን አሮጌ ናት። የናፍጣ ፓምፗ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። መስመሩንም ተናጋሪዎቹንም እኔው ልሠራላት ነው።

መስመሩ ሁለት እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው። የሚናገር ከሌለ ሁለቱም 2.5 ቮልት አካባቢ ያርፋሉ። ከመስመሩ ጋር ከተገናኙት ሳጥኖች አንዱ ሲናገር አንደኛው ሽቦ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሌላኛው ወደ 1.5 ይወርዳል። ተቀባዩ የሚያየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የዲናሞው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። መጠማዘዛቸውም ለዚሁ ነው። እኔ ሁለቱን ሽቦዎች ድሪል ላይ አስሬ ነው የጠመዘዝኳቸው። በደቂቃ ያልቃል።

ዕቃው፦ ሁለት አርዱዊኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች)፣ ኤምሲፒ2515 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ሁለት የካን ሞጁሎች፣ አንድ ባለ ሁለት መስመር ኤልሲዲ፣ አንድ ጩኸት ማሰሚያ። አንድ አርዱዊኖና አንድ ሞጁል አብረው አንድ ሳጥን ናቸው፤ አንዱ ሳጥን ሞተሩ ጋ ከሴንሰሮቹ ጋር፣ ሌላው ጋቢና ውስጥ ከስክሪኑ ጋር። አንዱን ሞጁል እዚሁ ደሴ አገኘሁ። ሌላውን አንድ ጓደኛዬ ከመርካቶ ላከልኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ አምጥታለች።

እሁድ

የሞተሩን ሳጥን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ቀስቅሼ መልእክት እንዲልክ አደረግኩት። ሦስት መልእክት ተቀበለኝና ከዚያ በኋላ አሻፈረኝ አለ። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ከለስኩት። ስህተት የለውም።

ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ካን ላይ የተላከ መልእክት በትክክል የሰማ ሌላ ሳጥን ካለ፣ በመልእክቱ መጨረሻ ላይ «አቤት» የምትል አንዲት ቢት (አንዲት የ0 ወይም የ1 ምልክት) ያስገባል። አቤት የሚል ከሌለ ላኪው ያንኑ መልእክት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። እናቴ ከጓዳ ስትጣራ አቤት እስክል እንደማታቆመው ማለት ነው። ቺፑ ደግሞ ለመላክ የተዘጋጁ መልእክቶችን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱም ሞሉ፤ አራተኛው መግቢያ አጣ። ሳጥኔ አልተበላሸም፤ ሰሚ ነው ያጣው።

ደስ ብሎኝ ሁለተኛውን ሳጥን አገናኘሁ። አሁንም ዝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ነቀልኩ፣ ሽቦ ሰካሁ። ቮልቱ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሽቦ አዟዙሬ ሞከርኩ። እናቴ ቡናውን አፍልታ አቦሉ ሲቀርብ ተነሳሁ። «አብሽር፣ ከቡና በኋላ ይታይሃል» አለችኝ። እውነትም ታየኝ፤ ግን በቡናው ሳይሆን በማጉያ መነጽር። በሞጁሎቹ ላይ ያለችው የብር ቀለም ያላት ክሪስታል (ለቺፑ የፍጥነቱን ምት የምትሰጠው) አንደኛው ላይ 8.000 ትላለች፤ ሌላኛው ላይ 16.000። ሰሌዳዎቹ መንትያ ይመስላሉ። ፕሮግራሙ ለሁለቱም 16 ሜጋኸርዝ ብሎ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ አንዱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ሲያወራ ሌላው በግማሹ፣ በ125 ሺህ ያወራል። ሁለቱም 8 ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም እኩል ተሳስተው ይግባቡ ነበር፤ እኔም ሳላውቀው አልፈው ነበር።

ፕሮግራሙ ውስጥ ለአንደኛው 16ን ወደ 8 ቀየርኩ። ወዲያው ተናገሩ።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ብየዳ የለም፤ ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ። ማን ምን ይበል? በየስንት ጊዜው? ማንስ ይቅደም?

ካን ላይ እያንዳንዱ መልእክት ቁጥር አለው። አጭሩ ዓይነት ከ0 እስከ 2047 ይሄዳል። ሁለት ሳጥኖች በአንድ ቅጽበት መናገር ቢጀምሩ ቁጥሩ ያነሰው ይቀጥላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ግጭት የለም፣ የሚጠፋ ነገር የለም። እኛ ቤት ዕድሜው የበዛ ነው የሚቀድመው፤ እዚህ ቁጥሩ ያነሰ። ስለዚህ ለማስጠንቀቂያው 16ን ሰጠሁት። ለዘይቱ 256። ለሙቀቱ 512። መሃላቸው ሰፊ ክፍተት የተውኩት ጋሼን ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም በየ10 ሚሊሰከንዱ ልልክ አስቤ ነበር። ለምን? ስለሚቻል። ምን ያደርጋል ግን? ሞተር በ10 ሚሊሰከንድ አይሞቅም። ሙቀቱ በየግማሽ ሰከንዱ ይበቃዋል። የዘይቱ ግን መቸኮል አለበት፤ ዘይት ከጠፋ ሞተር ቶሎ ነው የሚሞተው። እሱን በሰከንድ 10 ጊዜ አደረግኩት። ሲደመር በሰከንድ 12 መልእክት። በ250 ሺህ ፍጥነት አንዱ መልእክት ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳን አይፈጅም። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ፀጥ እንዳለ ነው።

ሌላው ጥያቄ፣ «ሞቋል» ብሎ የሚወስነው ማነው? ስክሪኑ ወይስ ሞተሩ ጋ ያለው ሳጥን? ሞተሩ ጋ ላለው ሰጠሁት። ነገ ሁለተኛ ስክሪን ብጨምር ሁለቱ የተለያየ ነገር እንዳይሉ። 100 ዲግሪ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ የሚያቆመው ግን ወደ 96 ሲወርድ ነው። ሁለቱም 100 ላይ ቢሆኑ ሙቀቱ በ99 እና በ100 መካከል ሲዋልል ጩኸቱ እየበራ እየጠፋ ሾፌሩን ያሳብደዋል።

ለጋሼ ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። «እኔ መንገድ ነው የማየው። ቁጥሩን ተውና ጆሮዬ ላይ ይጩህ።» ልክ ናቸው።

ማክሰኞ

ሴንሰሩን ገጠምኩ። ስክሪኑ ሞተሩ 4019.5 ዲግሪ መድረሱን አበሰረኝ። ብረት ከቀለጠ ቆይቷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 92.5 ዲግሪን ያለ ነጥብ ለመላክ በ10 አባዝቼ 925 አደርገዋለሁ። አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይይዝ ቁጥሩ በሁለት ባይት ይከፈላል፦ 3 እና 157። ሦስት ጊዜ 256 ሲደመር 157፣ 925 ነው። ላኪው ትልቁን ባይት አስቀድሞ ላከ፤ ተቀባዩ ትንሹ ነው የሚቀድመው ብሎ አነበበ። 157 ጊዜ 256 ሲደመር 3፣ 40195 ሆነ። ሁለቱንም ፕሮግራም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከራሴ ጋር አልተግባባሁም።

ትልቁ ይቅደም ብዬ ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ረቡዕ

ይህኛው ያሳፍራል። ሴንሰሩ ልክ መሆኑን ለማየት በረዶ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ 0 አለ። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ 92 አለ። «የፈላ ውሃ 100 ነው፣ ሴንሰሩ ይዋሻል» አልኩና ስሌቱን እንዲያርመው አደረግኩት። አሁን 100 ይላል። ረክቼ ተኛሁ።

በማግስቱ የመኪናዋን ቴርሞስታት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ለማቀዝቀዣው ውሃ መንገድ የሚከፍተውን፣ መካኒኩ አውልቆ ሰጠኝ። ላዩ ላይ 82 ተብሎ ተቀርጿል፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ድስት ውስጥ ከሴንሰሩ ጋር ነከርኩት። 89 ላይ ተከፈተ። ሁለቱ አንድ ላይ ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

ደሴ ላይ እንደተወለድኩ ረስቼ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሴንሰሩ ያለው እውነት ነበር፤ ውሸታሙ እርማቴ ነው። ሰረዝኩት። ቴርሞስታቱ 82 ላይ ተከፈተ።

ይህ ለሹፌሮቻችንም ቁም ነገር አለው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው እንዲህ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ደሴ ላይ የመፍያውን ሙቀት ወደ 114 ዲግሪ ይወስደዋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ውሃው 92 ላይ ይንፈቀፈቃል። ያኔ መለኪያው ጤነኛ ቢሆን እንኳን «ደህና ነው» እያለ ራዲያተሩ ይፈላል። የጋሼን ክዳን አየሁት፤ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ቀየሩት።

ቅዳሜ፣ መኪናዋ ላይ

ጠዋት 2 ሰዓት ጋራዥ ደረስኩ። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ እጅ ያደነዝዛል።

አይሱዙ 24 ቮልት ናት፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ። አርዱዊኖው የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ያመጣሁት መቀነሻ ትንሽዬ ናት፤ እስከ 28 ቮልት ትችላለች ይላል ወረቀቷ። 24 ከ28 ያንሳል ብዬ ገጠምኳት። ሞተሩ ተነሳ፣ ዲናሞው መሙላት ጀመረ፣ ቴስተሬ 28.4 አነበበ፣ ከሳጥኑ የሚያውቁት ሽታ ወጣ። ጠጋኝ የሆነ ሰው ያቺን ሽታ ያውቃታል። ሞጁሏ ተቃጠለች፤ አርዱዊኖው ግን ተርፏል፣ ተመስገን። እስከ 40 ቮልት የሚችል ሌላ ቀየርኩ። ፊውዝና ድንገተኛ ቮልቴጅን የሚውጥ ዳዮድም ከፊቱ አደረግኩ። ይሄ ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት ነው።

ያ 28.4 ግን አንድ ሐሳብ ሰጠኝ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የዘይት ግፊት የለም፤ ሳጥኑ በከንቱ ይጮሃል። ሞተሩ መነሳቱን በምን ልወቅ? በቮልቱ። ከ26.5 በላይ ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው፤ ያኔ ብቻ የዘይቱን ጩኸት ይፍቀድ።

ከዚያ የመስመሩን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ለካሁ። ካን በሁለቱም ጫፍ የ120 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 መምጣት አለበት። 40 መጣ። ጉዞውን እንዲመዘግብልኝ ከጎረቤት ሱቅ የተዋስኩት ሦስተኛ ሳጥን መሃል ላይ አለ፤ የእሱም ሞጁል 120ውን ይዟል። ሦስት 120 ጎን ለጎን ሲሆኑ 40 ነው። ሽቦው አጭር ስለሆነ በ40ም ይሠራ ነበር፣ ሞክሬዋለሁ። ግን የመሃለኛውን 120 ከመስመሩ የምታገናኘውን ጃምፐር ነቀልኳት። 60።

ሁሉን በናስትሮ ጠቅልዬ አሰርኩ። ጋሼ ዞር ዞር አሉ። 78፣ 80፣ 83። መካኒኩ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አየው። ጋሼ «መርቄሃለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ስልክ። ጋሼ ናቸው። ድምፃቸው የተለመደው አይደለም።

«ይሄ ነገርህ ሰማኒያ አራት ነው የሚለው።»

«ጥሩ ነው ጋሼ፣ 84 ጤና ነው።»

«አይደለም እኮ። ኮምቦልቻም ሰማኒያ አራት። ሀረጎ መውጫውም ሰማኒያ አራት። አሁን ቤት ገብቼ መኪናዋ ከቆመች አንድ ሰዓት ሆናት፣ ቁልፉን ብከፍት ሰማኒያ አራት።»

ሆዴ ተገለበጠ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

ጋሼ ወዳሉበት ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በባጃጅ በረርኩ። ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው። ኤንፒአር ላይ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ሥር ነው። እሱን ለማየት ጋቢናው ወደፊት ይታጠፋል። ረቡዕ መካኒኩ ቺንጋ ሊያጠብቅ ጋቢናውን አነሳ። እኔ ደግሞ የካኑን ሽቦ ልክ ልኩን ነው የቆረጥኩት፤ ለመታጠፊያው የሚተርፍ የለውም። ተሳበ፣ ከማገናኛው ወጣ። ስህተቱ የመካኒኩ አይደለም።

ግን ሽቦ ይበጠሳል፤ ያ ምንም አይደለም። የሚያስፈራው ስክሪኑ ነው። የጻፍኩት ፕሮግራም አዲስ መልእክት ሲመጣ ቁጥሩን ይቀይራል። ካልመጣ? ያለውን ይዞ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ መኪናዋ ስትነሳ ባዶ እንዳይታይ ብዬ የመጨረሻዋን ቁጥር በማስታወሻው እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ከቁልፍ በኋላም 84። የሞተሩ ሳጥን እታች ሆኖ አቤት የሚለው አጥቶ ያንኑ መልእክት ይደጋግማል፤ ላይ ያለው ምንም እንዳልሰማ አያውቅም።

መርፌዋ መሃል ላይ እንደተቀመጠች ያንን ጋስኬት አስበላች። እኔ ደግሞ ያችኑ መርፌ በብዙ ብር፣ በዲጂታል ሠርቼ ሰጠኋቸው። ጋሼ አንዴ ባይቃጠሉ ኖሮ 84ን አይጠራጠሩም ነበር።

ምንም አልተናገሩኝም። «አብሽር» ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ያ ነው የባሰ ያመመኝ።

እሁድ

ሙሉ ቀን። ሱቅ ዘግቼ።

አንደኛ፣ ያቺ የመጨረሻ ቁጥር የማስታወስ ነገር ተሰረዘች። መኪናዋ ስትነሳ ስክሪኑ ባዶ ሰረዝ ያሳያል፤ መልእክት እስኪመጣ።

ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ሰዓት ይቆጥራል። የሙቀት መልእክት በየግማሽ ሰከንዱ መምጣት አለበት። 2 ሰከንድ ከጠፋ፣ ማለትም አራቱ ከቀሩ፣ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ሰረዝ ይመጣል፣ አጭር ጩኸት ይሰማል። የሙቀት ጩኸቱ ረጅም ነው፤ እንዳይምታታባቸው።

ሦስተኛ፣ መልእክቱ ውስጥ ቆጣሪ ባይት ጨመርኩ። የሞተሩ ሳጥን ሴንሰሩን በእውነት ባነበበ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ 255 ደርሶ ወደ 0 ይመለሳል። መልእክት እየመጣ ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ሳጥኑ እያነበበ ሳይሆን የድሮውን እየደገመ ነው። ይህም ሰረዝ ነው።

አራተኛ፣ የሴንሰሩ የራሱ ሽቦ ቢወጣስ? ያኔ ሳጥኑ በሕይወት አለ፣ ቆጣሪውም ይሮጣል፣ ቁጥሩ ግን ከንቱ ነው። እዚህ ላይ የትላልቅ መኪኖቹን ደንብ ተዋስኩ። ጄ1939 የሚባለው ደንብ በአንድ ባይት ላይ 255ን «መረጃ የለም»፣ 254ን «ስህተት» ለማለት ያስቀምጠዋል። እኔም ለሁኔታ አንድ ባይት መደብኩ፤ ሴንሰሩ ሊሆን የማይችል ነገር ካነበበ 254 ይላል። ይህም ሰረዝ ነው።

ሽቦውንም ቀየርኩ። ጋቢናው ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ለካሁት፤ መታጠፊያው አጠገብ አንድ ክንድ የሚሆን ትርፍ ጠምዝዤ ተውኩ።

ማክሰኞ፣ ሀረጎ

አብሬ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ጫንን። ወደ ደሴ የሚያመጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሽቅብ ነው። መውጣት ስንጀምር 83። ከመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዛዎች በኋላ 88። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ይዘዋታል፤ ከኋላችን ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል። 91። 93። 94 ላይ ቆመ። አንዴ 95 አለና ተመለሰ። ጋሼ ስክሪኑን አያዩም፤ ጆሯቸው ብቻ ነው የቆመው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ጥግ አስያዝኳቸው። ወርጄ የሴንሰሩን ሶኬት ሆን ብዬ ነቀልኩ። ከጋቢናው አጭር ጩኸት ተሰማ። ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ሰረዝ ሆነ!» ብለው ጮሁ። መልሼ ሰካሁት። የካኑን ሽቦ ነቀልኩ። እንደገና ጩኸት። «አሁንም ሰረዝ!» የተጫነ አይሱዙ አጠገብ ሁለት ሰው እንዲህ ሲጮህ ያየ መንገደኛ ምን እንዳሰበ እንጃ።

ደሴ ስንገባ አሮጌዋን መርፌ ላውልቃት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዛሬም መሃል ላይ ናት። «ተዋት» አሉ፣ «ትቀመጥ፤ ታስታውሰኛለች።» ቀጥለው ደግሞ የናፍጣው ልክስ አይታይም ወይ አሉኝ። የመልእክት ቁጥር 768ን ያዝኩላቸው። የታንከሩን ሴንሰር ለማውረድ ግን ጭነት የሌለበት ቀን መጠበቅ አለብኝ።